የሸበሌ ወንዝ ከፍታ በበለደወይን፦ ጎርፍ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል? ማወቁስ ለምን አልበቃም?

በማዕከላዊ ሶማሊያ የሂራን ክልል ዋና ከተማ የሆነችው በለደወይን በ2023 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሸበሌ ወንዝ በወጣ ጎርፍ ተጥለቅልቃለች። በግንቦት ወር በደረሰው የመጀመሪያው ጎርፍ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። በኅዳር በደረሰው ሁለተኛው ደግሞ ከነዋሪው 90 በመቶ ያህሉ መፈናቀሉን የረድኤት ድርጅቶች አስታውቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ ሸበሌ ሳይታይ የሚመጣ ወንዝ አይደለም። የውሃው ከፍታ በከተማዋ በየዕለቱ ይለካል፤ በኢትዮጵያ ደጋዎች የጣለው ዝናብ ከሰማይ በሳተላይት ይታያል፤ የጎርፉ ሞገድም ከላይኛው ተፋሰስ ተነስቶ ከተማዋ እስኪደርስ ቀናት ይወስድበታል። በምሥራቅ አፍሪካ ካሉ የወንዝ ዳር ከተሞች መካከል በለደወይን አደጋውን ቀድማ የማወቅ ዕድል ካላቸው አንዷ ናት።

ይህ ዕድል በተግባር ምን ይመስላል? ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ምንስ ይናገራል? የማይናገረውስ ምንድን ነው?

ዝናቡ በአንድ አገር፣ ጎርፉ በሌላ አገር

በኢትዮጵያ ዋቢ ሸበሌ እየተባለ የሚጠራው ወንዝ ከባሌና ከአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች ይነሳል። ስሙ ሶማሊኛ ነው፤ "ዌቢ" ወንዝ ማለት ሲሆን "ሸበሌ" ደግሞ ነብር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ወንዙ ከሐረርጌ ደጋዎች የሚወርዱ እንደ ራሚስና ኤረር ያሉ ገባሮችን ተቀብሎ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ኢሚን፣ ጎዴን፣ ቀላፎንና ሙስታሂልን አልፎ በፌርፌር በኩል ወደ ሶማሊያ ይገባል። ከድንበሩ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ የሚያገኛት የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ በለደወይን ናት። የስሟ ትርጉምም "ትልቅ ከተማ" ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቡሎቡርዴንና ጆውሃርን አልፎ ወደ ሞቃዲሾ ይጠጋል። ነገር ግን ባሕሩን ሳይነካ ከጠረፉ ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል፤ አፍጎዬን ካለፈ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ከጁባ ወንዝ ጋር ሳይገናኝ ረግረግ ውስጥ ይሰወራል።

የተፋሰሱ ስፋት ወደ 300 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። በሶማሊያ ምድር ከሚፈሰው የሸበሌና የጁባ ውሃም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ምንጩ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በዚህም ምክንያት በበለደወይን ሰማዩ ጠርቶ፣ ከተማዋ ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ወንዙ ከአፉ ሊወጣ ይችላል።

ወንዙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞላል። የመጀመሪያው ሶማሊዎች "ጉ" ከሚሉት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከሚዘንበው ወቅት ጋር ይገጥማል፤ በደጋው ከበልግ ዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው በኢትዮጵያ ክረምት ይጀምርና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እስከሚዘልቀው "ደይር" ድረስ ይቀጥላል። የደይር ጎርፍ አስጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ዝናብ የሚጥለው በክረምቱ ውሃ አስቀድሞ ከፍ ባለ ወንዝ ላይ ነው።

በዘንጉ ላይ የሚነበበው ቁጥር

የወንዝን ከፍታ ለመለካት ከሁሉ የቆየውና አሁንም የሚያገለግለው መሣሪያ ቀላል ነው፦ በሜትርና በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ፣ በወንዙ ዳርቻ ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ የተተከለ የመለኪያ ዘንግ። የአካባቢው ነዋሪ የሆነ መዝጋቢ ቁጥሩን በተወሰነ ሰዓት አንብቦ በስልክ ይልካል። ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ንባቡ ይደጋገማል።

ይህ ቁጥር የውሃው ጥልቀት አይደለም። ዘንጉ የሚቆጥረው አስቀድሞ ከተወሰነ ቋሚ የዜሮ ነጥብ ተነስቶ ነው። ስለዚህ የበለደወይን ሰባት ሜትርና የጆውሃር ሰባት ሜትር አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ማወዳደርም ያሳስታል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው በዚያው ቦታ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ከሚሞላበት ከፍታ ጋር ሲመዛዘን ነው።

በበለደወይን ይህ ከፍታ 8.3 ሜትር ነው። ውሃው 6.5 ሜትር ሲደርስ የጎርፍ ስጋቱ መካከለኛ፣ 7.3 ሜትር ሲደርስ ደግሞ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። ከፍተኛ ስጋት ከሚባለው ነጥብ እስከ ዳርቻው አናት የሚቀረው አንድ ሜትር ብቻ ነው።

ይሁንና ከፍታው ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነትም እኩል ዋጋ አለው። ለምሳሌ ያህል፣ ወንዙ 6.8 ሜትር ላይ ሆኖ በቀን 10 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር፣ በዚያው ፍጥነት እስከ አፉ ለመሙላት 15 ቀናት ይፈጅበታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ 6.5 ሜትር ላይ ሆኖ በቀን 60 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ግን የሚቀሩት ሦስት ቀናት ብቻ ናቸው። ዝቅ ያለው ቁጥር ከፍ ካለው የበለጠ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በአማርኛ "ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው" ይባላል። ቀስ ብሎ የሚጨምር ወንዝ ሰውን ያዘናጋል፤ በየቀኑ የሚታየው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ አደጋው የደረሰ አይመስልም። የመለኪያ ዘንግ የሚጠቅመው ለዚህ ጭምር ነው፤ ዓይን የለመደውን ለውጥ በቁጥር ያሳያል።

ከፍታ ወደ ፍሰት ሲለወጥ

ከበለደወይን በታች ላሉ ከተሞች የሚጠቅመው ውሃው በዚያ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ብቻ ሳይሆን በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እያለፈ እንደሆነ ማወቅ ነው። ለዚህም ባለሙያዎች ከድልድይ ወይም ከጀልባ ላይ ሆነው የውሃውን ፍጥነት በተለያዩ ነጥቦች ይለካሉ፤ ከወንዙ ስፋትና ጥልቀት ጋር አስልተውም መጠኑን ያገኛሉ። ይህን በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ውሃ ጊዜ በመደጋገም ከፍታን ከፍሰት ጋር የሚያያይዝ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ከዘንጉ የተነበበ አንድ ቁጥር የፍሰቱን መጠን ለመገመት ያስችላል።

ችግሩ ሠንጠረዡ የሚያረጅ መሆኑ ነው። ሸበሌ ብዙ ደለል የሚሸከም ወንዝ ነው። ደለሉ ሲተኛ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፤ ያኔ ቀድሞ በቀላሉ ያልፍ የነበረው የውሃ መጠን ወደ ዳርቻው ይጠጋል። ኃይለኛ ጎርፍ ሲያልፍ ደግሞ ወለሉን ጠርጎ ሊያጎደጉድ ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ በየጊዜው መታደስ አለበት። ከሁሉ የሚያስፈልገው በከፍተኛ ሙላት ጊዜ የሚወሰደው ልኬት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውና አደገኛ የሆነውም እሱ ነው። የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ባለሙያ ወደ ወንዙ መድረስ ራሱ ፈተና ይሆናል።

ዛሬ ከዘንጉ በተጨማሪ ራሳቸውን ችለው የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ በውሃው ውስጥ ተቀምጠው ግፊቱን ይለካሉ፤ ሌሎቹ ከድልድይ በታች ተሰቅለው በራዳር ሞገድ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ርቀት ይመዘግባሉ፤ ውጤቱንም በሞባይል ኔትወርክ ወይም በሳተላይት ይልካሉ። ሌሊትም ሆነ ቀን አይተኙም። ነገር ግን ይሰረቃሉ፣ በደለል ይደፈናሉ፣ ባትሪያቸው ያልቃል። በመሆኑም ዘንጉንና ሰውን ሙሉ በሙሉ የተካ መሣሪያ የለም።

የጠፋው መዝገብ

አንድ ከፍታ "ያልተለመደ" መሆኑን ለመናገር የተለመደው ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በሸበሌና በጁባ ወንዞች ላይ መደበኛ ልኬት የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ቁጥሮች ተጠራቅመዋል።

በ1991 የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት ሲወድቅ ልኬቱ ተቋረጠ፤ ጣቢያዎቹ ተዘረፉ ወይም ፈረሱ፤ በአገር ውስጥ ከነበረው መዝገብም አብዛኛው ጠፋ። ከተረፈው ውስጥ ብዙው የተገኘው በውጭ አገር ተቋማት እጅ ከነበሩ ቅጂዎች ነው። በዚህ መካከል የ1997ቱ የኤል ኒኞ ጎርፍ ደረሰ። በደቡብ ሶማሊያ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ያለቁበት ያ ጎርፍ የመጣው አገሪቱ የሚሠራ የወንዝ መከታተያ ሥርዓት ባልነበራት ጊዜ ነው።

በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) "ስዋሊም" በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የሶማሊያ የውሃና የመሬት መረጃ ፕሮጀክት ጀመረ። ፕሮጀክቱ የጠፋውን መዝገብ ማሰባሰብና ጣቢያዎቹን ደረጃ በደረጃ መልሶ መትከል ያዘ። ዛሬ በሁለቱ ወንዞች ላይ የሚነበቡትን ከፍታዎች፣ የዝናብ ትንበያዎችንና የጎርፍ ማስጠንቀቂያዎችን በየጊዜው ያወጣል። ሆኖም በመዝገቡ መካከል የቀረው የአሥር ዓመት ያህል ክፍተት አይሞላም። "በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ጎርፍ" የሚባለውን ለማስላት የሚያስፈልገው ያልተቋረጠ ረጅም መዝገብ ስለሆነ ክፍተቱ እስከ ዛሬ ዋጋ ያስከፍላል።

ከላይ የሚመጣው ወሬ

የበለደወይን ዘንግ የሚናገረው ስለደረሰ ውሃ ነው። ዝግጅት የሚሻ ሰው ግን ማወቅ የሚፈልገው ገና ስላልደረሰው ነው። ለዚህ ሦስት የመረጃ እርከኖች አሉ።

የመጀመሪያው የወቅት ትንበያ ነው። ናይሮቢ አካባቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል (ኢክፓክ) ከእያንዳንዱ የዝናብ ወቅት በፊት የአባል አገራትን ባለሙያዎች ሰብስቦ መጪው ጊዜ ምን ሊመስል እንደሚችል ይተነብያል። በነሐሴ 2023 ያወጣው ትንበያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ከመደበኛው የበለጠ ዝናብ እንደሚኖረው አመልክቶ ነበር። ምክንያቱም በፓስፊክ ውቅያኖስ የኤል ኒኞ ክስተት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ የምዕራቡ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ መሞቅ በአንድ ጊዜ መከሰታቸው ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ የደይር ዝናብ ይበረታል።

ሁለተኛው የቀናት ትንበያ ነው። የሳተላይት ምስሎች በደጋው የጣለውን ዝናብ ይገምታሉ፤ የኮምፒውተር ሞዴሎች ያ ዝናብ ስንት ውሃ ሆኖ መቼ ወንዙ እንደሚገባ ያሰላሉ። ደመና የማያግዳቸው የራዳር ሳተላይቶች ደግሞ በውሃ የተሸፈነውን መሬት ሌሊት ሳይቀር ያሳያሉ።

ሦስተኛውና እጅግ ተጨባጩ ከላይ ባሉ የወንዙ ጣቢያዎች በዓይን የታየው ከፍታ ነው። በጎዴ ወይም በቀላፎ ወንዙ ከፍ ካለ ያ ውሃ ከቀናት በኋላ በለደወይን ይደርሳል። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሁለት አገራት ይሆናል። በኢትዮጵያ በኩል የወንዝ ልኬት የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የዝናብ ትንበያ ደግሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ነው። በሶማሊያ በኩል ማስጠንቀቂያውን የሚጠባበቁ የአደጋ አስተዳደር ተቋማት አሉ። በሁለቱ መካከል የሸበሌን ተፋሰስ በጋራ ለማስተዳደርና የወንዙን መረጃ በየዕለቱ ለመለዋወጥ የሚያስገድድ አጠቃላይ ስምምነት ግን የለም።

ይህ ክፍተት የሚጎዳው ሶማሊያን ብቻ አይደለም። በለደወይንን የሚያጥለቀልቀው ውሃ አስቀድሞ የሚያልፈው በቀላፎና በሙስታሂል ነው። በ2023 የደይር ወቅትም በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የወንዙ ዳር ወረዳዎች ሰዎችን ገድሏል፣ አፈናቅሏል፣ ከብትና ሰብል ጠርጓል። ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለው አርሶ አደር የሚጠብቀው አንድ ዓይነት ወሬ ነው፦ ከላይ ወንዙ ምን ላይ ደርሷል?

በላይኛው ተፋሰስ ያለው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ ግድብ ጎርፉን ይይዘዋል ብሎ የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተገነባው ይህ ግድብ የሚቆጣጠረው ከተፋሰሱ ትንሹን፣ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡትን የሐረርጌ ገባሮች የሚይዝ ነገር የለም።

ዘንጉ የማያየው

ወንዙ 8.3 ሜትር ሳይደርስም ጎርፍ ሊነሳ ይችላል። ዋናው ምክንያት ዳርቻው ራሱ ነው።

በደረቁ ወቅት፣ ሶማሊዎች "ጅላል" በሚሉት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ወንዙ ይቀጥናል። አርሶ አደሮች ወደ ማሳቸው ውሃ ለመሳብ የወንዙን ዳርቻ ይቆፍራሉ፣ ይቀዳሉ። ይህ ጥፋት ተብሎ የሚወገዝ ሥራ አይደለም፤ የቀድሞዎቹ የመስኖ መዋቅሮች ከፈረሱ በኋላ ሰብል ለማድረስ ያላቸው መንገድ ይህ ሆኗል። በጎርፍ ተሞልተው የሚሸሹ ዝቅተኛ መሬቶችን በቀረው እርጥበት ማረስም በሸበሌ ዳር የኖረ የግብርና ዘዴ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ስጋት የሆነው ውሃ ለሌላው እህል ነው።

ችግሩ የተከፈተው ዳርቻ ዝናቡ ሳይጀምር አለመዘጋቱ ነው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ይወጣና ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። በጆውሃርና ከዚያ በታች ባሉ አንዳንድ ቦታዎች የወንዙ ወለል በደለል ምክንያት ከአካባቢው መሬት ከፍ ያለ በመሆኑ አንዴ የወጣ ውሃ ወደ ወንዙ አይመለስም፤ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ይተኛል። በዚህ ምክንያት ከሳተላይት ምስል የተከፈቱ ዳርቻዎችን ቆጥሮ በካርታ ማስቀመጥ የጎርፍ ክትትሉ አንድ ክፍል ሆኗል።

ሌላው ከዘንጉ ዓይን የሚያመልጠው ደራሽ ጎርፍ ነው። በነሐሴ 2006 ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የወንዝ መውረጃ፣ በዙሪያው ባሉ ተራሮች በጣለ ዝናብ ሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ለእንዲህ ያለው ጎርፍ ጠዋትና ማታ የሚነበብ ዘንግ አይደርስም፤ የሚያስፈልገው በተራሮቹ ላይ የተተከለ የዝናብ መለኪያና በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማ ማንቂያ ነው። በለደወይንም በዙሪያዋ ካሉ ደረቅ ሸለቆዎች ለሚመጣ ደራሽ ውሃ የተጋለጠች ናት። የሁለቱ ዓይነት ጎርፎች ማስጠንቀቂያ አንድ ሊሆን አይችልም።

ከፍተኛ መረጃ ያለበት ወንዝም ከጉዳት አያድንም። የካርቱም የአባይ መለኪያ በአፍሪካ ረጅም መዝገብ ካላቸው አንዱ ነው። በ2020 ውሃው ከ17.5 ሜትር በላይ ደርሶ የ1946ንና የ1988ን የጎርፍ ዓመታት ሲበልጥ ቁጥሩ በየቀኑ ይነገር ነበር። ያም ሆኖ በሱዳን ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መንግሥትም ለሦስት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አውጇል።

የ2023 ሁለቱ ጎርፎች

የግንቦቱ ጎርፍ የደረሰው ሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉባት ድርቅ ሳታገግም ነው። ብዙዎች ዝናብን የሚጠብቁት እንደ ምሕረት ነበር። በኢትዮጵያ ደጋዎች የጣለው ከባድ ዝናብ ወንዙን ሞልቶ በወሩ አጋማሽ አካባቢ ከተማዋን አጥለቀለቀ። ወንዙ በከተማዋ መካከል እየተጠማዘዘ ስለሚያልፍ ከአራቱም ሰፈሮች፣ ከሀዎ ታኮ፣ ከኮሺን፣ ከቡንዶወይንና ከሀውል ወዳግ፣ ነዋሪው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች ሸሸ።

በኅዳር የደረሰው ከዚህ የከፋ ነበር። በመላው ሶማሊያ የዚያ ወቅት ጎርፍ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አፈናቅሏል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ያካሄደው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ የዚያን ወቅት ዝናብ እስከ ሁለት እጥፍ እንዳበረታው አመልክቷል።

ሁለቱ ጎርፎች ሲነጻጸሩ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ለኅዳሩ ጎርፍ የወቅቱ ትንበያ ከሁለት ወራት በላይ አስቀድሞ ወጥቷል። ብዙ ሰው ውሃው ሳይደርስበት መውጣት የቻለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በግንቦት የተሰበሩት ዳርቻዎች፣ የፈረሱት ቤቶችና የተደፈኑት የውሃ መውረጃዎች ግን በስድስት ወር ውስጥ ተጠግነው አላለቁም። ማስጠንቀቂያው ሕይወት አድኗል፤ ቤትና ማሳ ሊያድን ግን አልቻለም።

ቁጥሩ ሰው ዘንድ ሲደርስ

"ወንዙ 7.4 ሜትር ደርሷል" የሚለው ዜና ለባለሙያ ብዙ ይናገራል። በወንዙ ዳር ሱቅ ላላት ሴት ግን ወዲያው ትርጉም አይሰጥም። ማስጠንቀቂያ ሥራውን የሚሠራው ቁጥሩ ወደ ቦታና ወደ ሰዓት ሲለወጥ ነው፦ ውሃው የትኛው ሰፈር፣ እስከ የትኛው መንገድ፣ መቼ ሊደርስ ይችላል? መልእክቱ በሬዲዮ፣ በስልክ፣ በመስጊድ ድምፅ ማጉያና በሰፈር ሽማግሌዎች በኩል ሲሰማ ደግሞ የመታመን ዕድሉ ይሰፋል። ከማያውቁት አካል የመጣ አጭር መልእክትና ከሚያውቁት ሰው አፍ የወጣ ቃል እኩል አይሰሙም።

መልእክቱን ሰምተው የማይወጡም አሉ። ምክንያታቸው ሁልጊዜ ግዴለሽነት አይደለም። የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣ አለ፤ ቤቱን ትቶ ቢሄድ ንብረቱ እንዳይሰረቅ የሚፈራ አለ፤ አቅመ ደካማ ወላጅ ያለው አለ፤ ባለፈው ጊዜ ወጥቶ ውሃው ሳይመጣ የቀረበትም አለ። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማውን ጆሮ ይቀንሳል። ቢሆንም ትንበያ ዕድልን እንጂ እርግጠኝነትን አይሰጥም። ስለዚህ ከአሥር ማስጠንቀቂያ ጥቂቱ ሳይደርስ መቅረቱ የሥርዓቱ ባሕርይ መሆኑን ለሕዝብ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

በወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው፣ ማስጠንቀቂያ በተሰማ ጊዜ መልስ የሚሹት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ወንዙ እስከ አፉ ለመሙላት ስንት ይቀረዋል? በቀን ምን ያህል እየጨመረ ነው? ከላይ ባሉ ከተሞች እየጨመረ ነው ወይስ መጉደል ጀምሯል? በአቅራቢያ የተከፈተ ወይም የተሸረሸረ ዳርቻ አለ? የአራቱ መልስ ሲገኝ እህልን ከፍ ካለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ሰነዶችን በላስቲክ መጠቅለል፣ ከብቶችን አስቀድሞ ማሻገር፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ቀድሞ ማስወጣት ወይም ገና መጠበቅ የሚለውን ለመወሰን ይቻላል። የጉድጓድ ውሃን መክደንና የመጠጥ ውሃ መያዝም ከእነዚህ አይለይም፤ ውሃው ከገባ በኋላ ኮሌራ ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይመጣል።

የሚቀረው ሥራ

የጎርፍ ክትትል ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዝናቡ ሲጥል የሚሠራው ሥራ ነው። የበለደወይን ልምድ የሚያሳየው ግን ወሳኙ ጊዜ ደረቁ ወቅት መሆኑን ነው። ዳርቻ የሚጠገነው፣ የደለቡ ቦዮች የሚጠረጉት፣ ያረጀው የፍሰት ሠንጠረዥ የሚታደሰው፣ የተሰበረ ዘንግ የሚተከለው ውሃው ዝቅ ባለበት በጅላል ነው። ከጆውሃር በላይ በ1980 ገደማ የተሠራው የጎርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ የተወሰነውን ሙላት ተቀብሎ ለመስኖ የማዋል ዓላማ ነበረው፤ ከ1991 በኋላ ግን ጥገና አጥቶ በደለል ተሞልቶ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። ውሃን የማቆያ ቦታ በሌለበት ማስጠንቀቂያ የሚያመጣው ብቸኛ ምርጫ መሸሽ ነው።

ችግሩ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ በተቃራኒው ጊዜ መሆኑ ነው። የተጥለቀለቀች ከተማ ፎቶግራፍ ዓለምን ይቀሰቅሳል፤ በመጋቢት ወር በደረቀ ወንዝ ዳር የተከፈተ ቀዳዳ ግን የማንንም ዓይን አይስብም። ባለፉት ዓመታት የረድኤት ተቋማት የተወሰነ ትንበያ ሲወጣ፣ አደጋው ሳይደርስ ገንዘብ የሚለቀቅበትን አሠራር መሞከር የጀመሩት ይህን ለማስተካከል ነው። በዚህ አሠራር የዘንጉ ንባብና የወቅቱ ትንበያ ለበጀት ውሳኔ መነሻ ይሆናሉ።

የጉ ዝናብ በሚያዝያ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በለደወይን ላይ የሚነበበው ከፍታ ዝቅተኛ ነው፤ በዜናም አይነገርም። የተከፈቱት ዳርቻዎች ስንቱ እንደተዘጉና በባሌና በሐረርጌ ደጋዎች ምን ዓይነት በልግ እንደሚጠበቅ መጠየቅ ያለበት ግን ያኔ ነው።